ድሪቶ ለጀማሪ እጅ

 

ብዙ ከመናገሬ በፊት ይህን ላሳያችሁ። አንድ ሰው ጫፉን ይያዝልኝ፤ እንዲህ ነው፣ ዘርጉት። ከፊት የተቀመጣችሁ እናቶች ገና ሳልናገር ስሙን አውቃችሁታል። አዎን፣ ድሪቶ ነው። የሰፋችው እናቴ ናት። የተሰፋውም ከዚህ ብዙ በማይርቅ ቤት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በኩራዝ ብርሃን ነው።

ጠጋ ብላችሁ እዩት። ይህ አመድማው ካኪ የአባቴ የሥራ ሸሚዝ ነበር። ክርኑ ተበልቶ ሲያልቅ ጀርባው ገና ጤነኛ ስለነበር እናቴ ጀርባውን ቆርጣ አወጣችው። ይህች ባለ አበባዋ የታላቅ እኅቴ የዓውዳመት ቀሚስ ናት፤ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ታናሼ ወርዳ መጨረሻ ላይ እዚህ ዐረፈች። ይህ ነጩ የዱቄት ከረጢት ነው። ቀይ ፊደሉ ስንት ዓመት ታጥቦ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ በጣቴ እየተከተልኩ ላነበው እሞክር ነበር። ሆዱ ውስጥ ደግሞ የአያቴ ያለቀ ጋቢ አለ።

አምስት ልጆች ከዚህ ሥር ተኝተን አድገናል። ብርድ ገብቶብን አያውቅም። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ፈጠን ብላ ንጹሕ ጋቢ ከላይ ታለብሰው ነበር፤ ድሪቶው እንዳይታይባት። ስንት ሌሊት ጣቷን እየተወጋች የሠራችውን ሥራ እንደ ገመና ሸፈነችው። ዛሬ ማታ እዚህ የቆምኩት ያንን ጋቢ ከላዩ ላነሣ ነው።

ድሪቶ የሚለው ቃል አፋችን ውስጥ ስድብ ሆኗል። ትምህርት ቤት ድሪቶ ለባሽ የተባለ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ቃሉ የወጣበት ግሥ ግን የሙያ ግሥ ነው። ደረተ፤ ጨርቅን በጨርቅ ላይ እየደራረበ፣ እየቀጣጠለ ሰፋ። ወሬ የሚያበዛውን ሰውም ዛሬ ይደርታል እንለዋለን። ቃሉ ከመርፌ ወጥቶ ምላስ ላይ ሲደርስ ክብሩን አጣ። ሌላ አገር ኩዊልት የሚሉት ነገር አለ፤ በፌስቲቫል ይታያል፣ በሙዚየም ይሰቀላል፣ ውድ ዋጋ ይጠራበታል። ያ ኩዊልት የሚባለው ነገር ሦስት ድርብ የሆነ፣ ፊቱ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ልብስ ነው። ይኸው በእጃችሁ ይዛችሁታል። ስለዚህ የባዕድ ስም አልፈልግለትም። ድሪቶ ብዬ እጠራዋለሁ፤ እናንተም ያለ ሐፍረት ጥሩት።

ያለንበትን ቦታ አስቡ። ከበላያችን ያለው እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ብርዱ ምን እንደሚያደርግ ለየካ ሰው አላስረዳም። ምኒልክ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ አድርገው ነበር፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን እቴጌ ጣይቱ ዓይናቸውን ወደ ታች፣ ወደ ፍልውኃው ጥለው ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለች፣ ቤተ መንግሥቱም በኋላ ወረደ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የተራራው ብርድና የማገዶ እጥረት ከነዚያ መካከል ናቸው። ቤተ መንግሥት ቢወርድም ተራራው ላይና ሥሩ የቀረ ሕዝብ አለ። የእኛ ወላጆች ናቸው። ብርዱን የተቋቋሙት በልብስ ነው።

ልብሳችንም ለዚህ የታሰበ ነው። ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ፣ ቡሉኮ ብለን ስንቆጥር እየወፈረ ይሄዳል። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። የሚያሞቀን ጥጡ ብቻ አይደለም፤ በእጥፉና በእጥፉ መካከል ተይዞ የሚቀረው አየር ነው። አንድ ወፍራም ጨርቅ ከለበሰ ሰው ይልቅ ስስ ስስ ጨርቅ የደራረበው የሚሞቀው ለዚህ ነው። የድሪቶም ብልሃት ይኸው ነው፤ ከላይ ፊት፣ መካከሉ ሆድ፣ ከታች ገበር። ጋቢ ለብሶ ያደገ ሰው የድሪቶን ነገር ግማሹን ያውቀዋል ማለት ነው።

ለሆዱም ቢሆን ከሩቅ የምናመጣው ነገር የለም። ፈትል የሚፈትሉ እናቶች ቤት ባዘቶ አለ፤ ፍሬው በመዳመጫ ወጥቶለት፣ በደጋን ተነድፎ፣ እንደ ደመና የተንሳፈፈ ጥጥ። በውጭ አገር ሱቅ ገብተው የሚገዙት የድሪቶ ሆድ እሱን ለመምሰል የተሠራ ነው። ቁራጩም እግራችን ሥር ነው። በጎረቤታችን በጉለሌ ሽሮ ሜዳ አለ፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው አገሩን ሁሉ የሚያለብሱበት። የሐበሻ ቀሚስ የሚሰፋበት ሱቅ ገብታችሁ ወለሉን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአንገቱ ጎድጓዳ፣ የብብቱ ሦስት ማዕዘን፣ የጥለቱ ጫፍ እዚያው ይወድቃል። ማታ ተጠርጎ ይጣላል። ሾላ ገበያ ቦንዳ ሲፈታ ማንም የማያነሣው፣ አንገቱ የተቀደደ፣ ጀርባው ግን ሙሉ የሆነ ሸሚዝ ይተርፋል። እኔ በዚያ ሱቅና በዚያ ቦንዳ መካከል ሳልፍ ብርድ ልብስ ሲጣል ነው የሚታየኝ።

ሌላም ነገር አለ። ከዚህ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ አንዳንዶቻችን የእነሱ ልጆች ነን። ከነሱ መካከል በማኅበር ተደራጅተው፣ ሸክሙን ትተው፣ ሽመና ተምረው ሻርፕና ነጠላ እየሠሩ የሚተዳደሩ አሉ። ጀርባ ያጎበጠው ሸክም የወረደው በእጅ ሙያ ነው። ጸበል ፍለጋ ከየአገሩ መጥተው እንጦጦ ላይ ክፍል ተከራይተው የቀሩ፣ በኤች አይ ቪ ምክንያት ከዘመድ የተለዩ ሴቶችም ዶቃ እየሠሩ ኑሮአቸውን ያቆሙበት ጊዜ አለ። የተራራችን ሥር የእጅ ሥራ ያዳነው ሰው የሞላበት አገር ነው። ድሪቶ እንግዳ ሆኖ አይመጣም።

ከአገር ውጭም ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ እናቴ ብትሰማው ደስ ይላት የነበረ ነገር ስለሆነ ነው። ቤንጋሎች ያረጀ ሳሪ ደራርበው፣ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ስፌት ይዘው፣ ካንታ የሚሉትን ልብስ ይሠራሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አላባማ በሚባለው ግዛት፣ ወንዝ ሦስት ወገን የከበባት ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በባርነት ጥጥ ሲለቅሙ የነበሩ አፍሪካውያን ልጆች ናቸው። ቤታቸው ብርድ ስለሚያስገባ ሴቶቹ ከሥራ ልብስና ከከረጢት ድሪቶ ይደርቱ ነበር። በእ.ኤ.አ. 2002 ያ ሥራቸው በሂዩስተን ሙዚየም፣ በዚያው ዓመት በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ተሰቀለ። ከነዚያ ሴቶች አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ ትባላለች። በእ.ኤ.አ. 1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ አንድ ድሪቶ ሰፋች፤ እሱን እያሰበች ልትለብሰው። የተለበሰው ልብስ መንጣቱ እስካሁን ይታያል ይላሉ ያዩት። እኔ ይህን በሰማሁ ቀን ወደ ቤቴ ሄጄ የአባቴን ካኪ ነው የዳሰስኩት።

በእ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1987 ደግሞ ዋሽንግተን ከተማ ሰፊው ሜዳ ላይ 1,920 የጨርቅ ሥራዎች ተዘረጉ። እያንዳንዱ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ80 ነው፤ የመቃብር ልክ። እያንዳንዱ ላይ በኤድስ የሞተ ሰው ስም ተሰፍቷል። እናት ለልጇ፣ ጓደኛ ለጓደኛው ሰፋው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ በወጉ አልተለቀሰላቸውም ነበር። እንጦጦ ላይ የተቀበሩትን፣ አልቃሽ ያልነበራቸውን የማውቃቸውን ሰዎች ሳስብ ይህ ሥራ ቢኖረን ኖሮ እላለሁ።

ከእኛው ከተማ አንድ ሰው ልጨምር። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው። ከመርካቶ ቁልፍና ክር፣ ሰው የጣለውን ዕቃ ሁሉ ሰብስቦ፣ በመርፌ እየሰፋ ሥዕል ሠራ። ዓለም አየው። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም ዛሬ መካኒሳ ላይ አለ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዩት። መርፌ የሴት ብቻ ነው ለምትሉ ወንድሞችም ይህ መልስ ነው። ደግሞስ ሸማኔው ማን ነው? በየመንገዱ ዳር ሲንጀር ዘርግቶ የሚሰፋልን ማን ነው?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰፉ ሁሉ ከቀሚስ ወይም ከሱሪ አትጀምሩ። ልብስ የሰው ገላ ይከተላል፤ ትከሻ አለው፣ ብብት አለው፣ ወገብ አለው፤ አንድ ቦታ ከሳታችሁ የሚለበስ አይሆንም። ድሪቶ ግን ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ መስፋት የቻለ ድሪቶ ይችላል፤ የማይችልም ሰማንያ ቁራጭ እስኪጨርስ ድረስ ይማረዋል። ስሕተቱም ቁራጭ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ተርትራችሁ ሌላ ታስገባላችሁ። ለዚህ ነው ለጀማሪ እጅ ከሁሉም የሚሻለው የምለው።

የመጀመሪያችሁ የልጅ ልብስ ይሁን፤ በወርዱ 8፣ በቁመቱ 10 ቁራጭ፣ ጠቅላላ 80። ሲያልቅ ወደ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ይሆናል። የሁለት ዓመት ልጅ እስከ ስድስት ዓመቱ ይለብሰዋል። ገና ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ሲተኛ አታልብሱት፤ ፊቱን ሊሸፍንበት ይችላል።

ጨርቁን ስትመርጡ ጥጥ ይሁን። አቡጀዲ፣ ፖፕሊን፣ ያረጀ አንሶላ፣ የወንድ ሸሚዝ ጀርባ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፤ እነዚህ ሁሉ ይሆናሉ። ከአንድ የጎልማሳ ሸሚዝ ጀርባ አሥር ያህል ቁራጭ ይወጣል። የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ቲሸርትና ሹራብ ለዛሬ ይቅሩ። የምትጠራጠሩትን ጨርቅ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይፈረፈራል። ናይለን ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ይህን የምነግራችሁ ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያዬን ስሰፋ የሚያብረቀርቅ የሰርግ ቀሚስ ቁራጭ አገኘሁና መካከል ላይ አስገባሁት። ፊቱ ተገጣጥሞ አልቆ የመጨረሻውን ተኩሼ ልነሣ ስል ካውያው ነካውና ቀልጦ ተጣበቀ፤ ጎረቤቶቹን አራቱንም አበላሸ። የሁለት ቀን ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክር ሳላቃጥል ጨርቅ አልቆርጥም።

ጨርቁን ሁሉ ሳትቆርጡ እጠቡት፤ አዲስ አቡጀዲ በተለይ ይሸበሸባል፣ ያጥራል። ከተሰፋ በኋላ ካጠረ ሌላውን ይዞ ይጎተታል። ቀለም የሚለቅ ቀይና ጥቁር ለብቻው ይታጠብ። ከዚያ ተኩሱት።

ለልኩ ወፍራም ካርቶን ቆርጣችሁ አራት ማዕዘን ሥሩ፤ ጎኑ 14 ሳንቲ ሜትር። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ስለሚሄድ ተሰፍቶ 12 ይቀራል። ካርቶኑን ጨርቁ ላይ አስቀምጣችሁ በዳሩ አስምሩ፤ ልብስ ሰፊዎቻችን እንደሚያደርጉት ያለቀች የሳሙና ስባሪ ጥሩ መስመር ታወጣለች፣ ሲታጠብም ትለቃለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። የካርቶኑ ጎን ከድሩ ወይም ከማጉ ጋር ትይዩ ይሁን። ጨርቅ በድሩና በማጉ ስትጎትቱት ጸንቶ ይቆማል፤ በሰያፍ ስትጎትቱት ግን ይለጠጣል። በሰያፍ የተቆረጠ ቁራጭ ስትሰፉት እየሸሸ ያስቸግራችኋል፤ እጄ አልቻለም ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም፣ የመቀሱ ነው። የሸማኔ አገር ልጆች ሆናችሁ ድርና ማግ አይጠፋችሁም።

ሰማንያው ሲቆረጥ አልጋ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ ደርድሩት። ይህ የሥራው ደስታ ነው፤ አትቸኩሉበት። ቀለም ከቀለም ለማዋደድ ብዙ ሕግ ይነገራል። እኔ አንድ ብቻ አስተምራለሁ፤ ደማቅና ፈዛዛ አፈራርቁ። ቀይ ከአረንጓዴ ይሄዳል ወይ አይሄድም እያላችሁ አትጨነቁ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት፤ አንድ ቦታ ጥቁር ጥቁሩ ተሰብስቦ ጉድጓድ ከመሰለ በትኑት። ስልክ ያላችሁ ፎቶ አንሡት፤ በፎቶ ላይ ስሕተቱ ቶሎ ይታያል። ልጆች ካሉ አስጠጓቸው። የትኛው ቁራጭ የማን ልብስ እንደነበር ይጠይቋችኋል፤ መልሱላቸው።

ከዚያ አንዱን ረድፍ ይዛችሁ ስምንቱን አንድ በአንድ ስፉ፤ ፊትና ፊታቸውን አግጥማችሁ፣ ከዳሩ 1 ሳንቲ ሜትር ገብታችሁ። ሲንጀር ያላችሁ በሲንጀር፣ የሌላችሁ በእጅ። በእጅ የምትሰፉ ክሩ ከክንዳችሁ አይርዘም፤ ረጅም ክር ይቋጠራል። በየአራት አምስት ስፌቱ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መለስ በሉ፤ ቢበጠስ እንኳ ሁሉም አይፈታም። የ1 ሳንቲ ሜትሩን ነገር ቸል አትበሉ። በየቁራጩ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ብትስቱ በአንዱ መጋጠሚያ 4 ይሆናል፤ ስምንቱ ቁራጭ ሰባት መጋጠሚያ ስላለው ረድፉ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ያኔ ከታችኛው ረድፍ ጋር አይገጥምም። ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ቁራጮች በሳሙና አስምራችሁ መስመሩ ላይ ስፉ። ሃያ ያህል ከሰፋችሁ በኋላ ዓይናችሁ ልኩን ይለምደዋል።

አሥሩ ረድፍ ሲያልቅ ተኩሱ። የመጀመሪያውን ረድፍ የስፌት ትርፍ ሁሉ ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛውን ወደ ግራ፣ ሦስተኛውን እንደገና ወደ ቀኝ እያስተኛችሁ። ረድፎቹን ስታጋጥሙ አንዱ ትርፍ በሌላው ላይ ይነክሳል፣ አራቱ ማዕዘን አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል። ይህን ብልሃት እናቴ አታውቀውም ነበር፤ ተመልከቱት፣ የእሷ ማዕዘኖች ተንሸራተዋል። እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ግን የእሷ ተንሸራቶ ስንት ዓመት አገለገለ! ስለዚህ የእናንተም ቢንሸራተት አትተርትሩት።

አሁን ፊቱ አለቀ። ገበሩን በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር አስበልጣችሁ ቁረጡ፤ ያረጀ አንሶላ ከሁሉም ይሻላል፣ ለስላሳ ነውና። ወለል ላይ የገበሩን ጥሩ ገጽ ወደ መሬት አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ማዕዘኖቹን በድንጋይ ያዙት። ሆዱን ከላይ፣ ፊቱን ከሁሉ በላይ አድርጉ። ለሆዱ ባዘቶ ብትጠቀሙ እጅግ ይሞቃል፤ ያለቀ ጋቢ ግን ለጀማሪ ይቀላል፤ ምክንያቱም ጋቢ ሽመና ነው፣ አይንሸራተትም፣ ባዘቶ ካልተያዘ ሲታጠብ ይጓጉላል። ከመካከል ጀምራችሁ ወደ ዳር እያለሰለሳችሁ ሦስቱን ድርብ በረጃጅም ስፌት ወስወስ አድርጉት፤ መርፌ ቁልፍም ይሆናል። ከዳር ከጀመራችሁ መካከሉ ላይ እንደ ጉብታ ይሰበሰባል።

ማያያዣው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሙሉውን በጥቃቅን ስፌት መውረድ ነው፤ ያ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ለሁለተኛው ድሪቶአችሁ አቆዩት። ለመጀመሪያው ቋጠሮ በቂ ነው። ጠንካራ ድርብ ክር ከፊት አስገብታችሁ በገበሩ አውጥታችሁ፣ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ወደ ፊት መልሱትና ሁለት ጊዜ ቋጥሩት፤ 2 ሳንቲ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ። ሆዱ ጋቢ ከሆነ አራት ቁራጭ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ብቻ ቋጥሩ፤ 63 ቋጠሮ ነው። ባዘቶ ከሆነ በየቁራጩ መካከልም ጨምሩ፤ 143 ይሆናል። ብዙ መስሎ ይሰማል። ሦስት ሴቶች ቡና እየተፈላ ሦስተኛው ሳይደርስ ይጨርሱታል፤ እኛ ቤት ተሞክሮ ነው የምለው። ይህ ሥራ ለብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ጎረቤት ጥሩበት።

ዳሩን ለመጨረስ አስበልጣችሁ የተዋችሁትን ገበር ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ወደ ፊት መልሱትና ዘምዝሙት። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ ካላችሁ ደግሞ ጥለቱን ቆርጣችሁ በዳሩ ዙሪያ ስፉበት። ጨርቁ አልቆ ጥለቱ ሳይነካ የቀረ ቀሚስ በየሣጥኑ አለ። እናንተ የሰርጋችሁን ጥለት በልጃችሁ ድሪቶ ዳር ስታዩት ምን እንደሚሰማችሁ አልነግራችሁም፤ ሠርታችሁ እዩት።

ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት። አትጭመቁት፤ ተጫኑትና ውኃው ይውረድ። የእንጦጦ ፀሐይ በአንድ ቀን ታደርቀዋለች።

ስለ ገበያ የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ከተማው ወደ እኛ ተራራ ይወጣል፤ የሚገዛ ሰው በደጃችን ያልፋል። ግን እለምናችኋለሁ፣ የመጀመሪያውን አትሽጡት። የመጀመሪያውን ለቤታችሁ አድርጉ። ሦስተኛውና አራተኛው ስፌቱ ሲጠና ዋጋ ተነጋገሩበት፤ ያን ጊዜም የሥራ ሰዓታችሁን ቁጠሩበት፣ ቁራጭ ነው ብላችሁ በነጻ አትስጡት። ቁራጩ ቢጣልም እጃችሁ አልተጣለም።

እዚህ የካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ፤ አባቶቻችን ከአንድ ዓለት ፈልፍለው ያወጡት። ሄጄ ባየሁት ቁጥር ትዕግሥታቸው ይገርመኛል። የእናቶቻችን ትዕግሥት በሌላ መንገድ ነበር፤ ሰማንያውን አንድ ያደርጉ ነበር። የነሱን ግን ማንም ሄዶ አላየውም፤ አልጋ ላይ ነበር፣ ጋቢ ለብሶ።

እናንተ ቤት ያለውን ዛሬ ማታ ግለጡት። አያታችሁ በሕይወት ካሉ ይህ የማን ልብስ ነበር ብላችሁ ጠይቋቸው፤ እሳቸው ሲያልፉ የሚያውቀው አይኖርም። እኔ የእናቴን ድሪቶ ሁሉንም ቁራጭ ለመጠየቅ አልደረስኩም። ይህችን አረንጓዴዋን ተመልከቱ፤ የማን እንደነበረች ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

የፊታችን ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት እዚሁ አዳራሽ እንገናኝ። የታጠበና የተተኮሰ ጨርቅ፣ ሃያ ቁራጭ የሚወጣው ያህል፣ አንድ ካርቶንና አንድ የሳሙና ስባሪ ይዛችሁ ኑ። መቀስ ያላችሁ አምጡ፤ የሌላችሁ እንዋዋሳለን። ሴት ልጅም ወንድ ልጅም አምጡ። መርፌና ክሩ ከእኔ ነው።